የዜና ግራፍን እንዴት እንተች? ከማስተላለፋችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

አንድ ግራፍ ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። ግማሹ ሰው «ይኸው፣ አላልኳችሁም?» ብሎ ያስተላልፈዋል። ሌላው ግማሽ «ሲዋሹ!» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ግራፉን አላዩትም። ያዩት ርዕሱንና የላከውን ሰው ነው።

ድሬም ሐረርም ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰዎች ሳይቀሩ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የጎደላቸው እውቀት አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። ሳይለኩ ይፈርዳሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ አንድን ግራፍ በእጃችሁ መልሳችሁ ሳትስሉት «ትክክል ነው» ወይም «ውሸት ነው» አትበሉ። የሚከተሉት ደረጃዎች ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው። አንዱን ዘላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ስኩዌር ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ያዙ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሲለመድ 10 ደቂቃ ይበቃል። ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ያለው የሙቀት እረፍት ለዚህ ሥራ ምቹ ነው።

የመጀመሪያውን ልምምድ በምትስማሙበት ግራፍ አድርጉ። በምትጠሉት ከጀመራችሁ የምትፈልጉትን ስህተት ብቻ ታገኛላችሁ። የምትወዱትን ግራፍ ስህተት ማግኘት ከቻላችሁ ግን ለሌላውም ዝግጁ ናችሁ።

ደረጃ 1፦ ምንጩን ፈልጉ

1. ስክሪንሾት አታንሱ፤ ዋናውን ምስል አውርዱ። ምስል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከግርጌ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ነው። ምንጩ፣ ቀኑና የተጠየቁት ሰዎች ብዛት ያሉት እዚያ ነው።
2. «ምንጭ፦ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት» የሚል ብቻ ካለ አይበቃም። የትኛው ሪፖርት? የየትኛው ወር?
3. ዋናውን ሪፖርት አግኙና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ምንጩ ካልተገኘ፦ መጀመሪያ በጉግል የምስል ፍለጋ ሞክሩ። እሱ ካልሠራ ርዕሱን ትታችሁ ከግራፉ ውስጥ አንድ ያልተጠጋጋ ቁጥር ፈልጉ። «27,267» ብሎ መፈለግ «የ12ኛ ክፍል ውጤት» ብሎ ከመፈለግ ይሻላል። ይህም ካልሆነ የላከውን ሰው ጠይቁ። ትልቅ ሰው ከሆኑ «ጋሼ፣ ይሄን ከየት አገኙት? ሙሉውን ላንብበው ብዬ ነው» በሉ። እንዲህ ሲባል የሚቆጣ ሰው ብዙ የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንጭ የሌለው ግራፍ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። «ምንጩን አላገኘሁትም» በሉና እዚያው አቁሙ። ወደ ሌላ አታስተላልፉት።

ደረጃ 2፦ ርዕሱን ሸፍኑት

1. ርዕሱን በአውራ ጣታችሁ ከልሉ።
2. ግራፉ ብቻውን የሚናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሁለቱም ከ2013 እስከ 2016 ወደ ላይ ሄደዋል።»
3. አሁን ርዕሱን ግለጡና ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።

እናንተ ያልጻፋችሁት፣ ርዕሱ ላይ ግን ያለው ቃል የመጀመሪያው ጥርጣሬያችሁ ነው። ብዙ ጊዜ «ምክንያት»፣ «አሽቆለቆለ» ወይም «ተመነደገ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሁለት መስመሮች አብረው መውጣታቸው አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ግራፉ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ እንዲህ የሚለው ርዕሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ዘመኑን አጣሩ

የውጭ መመሪያዎች ይህን ደረጃ አይነግሯችሁም። እኛ አገር ግን ብዙ ግራፍ የሚበላሸው እዚህ ነው።

1. አግድሙ መስመር ላይ ያለው «2016» የእኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ግማሹን ቁጥር ከዓለም ባንክ፣ ግማሹን ከአገር ውስጥ ቢሮ የወሰደ ሰው ሁለት የተለያዩ ዘመኖችን በአንድ ነጥብ ላይ ሊያገናኝ ይችላል።
2. የበጀት ዓመት ነው ወይስ መደበኛ ዓመት? የ2016 በጀት ዓመት የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ነው። ያለቀው ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው።
3. የመጨረሻው ባር (ቁጥርን በቁመቱ የሚያሳየው ዘንግ) ሙሉ ዓመት ነው? የ9 ወር አፈጻጸም ካለፈው ዓመት 12 ወር ጎን ሲቆም ያጠረ ይመስላል። በ9 አካፍሉ፣ ያኛውን በ12፤ ከዚያ አስተያዩ።
4. በወር በወር የተሳለ ከሆነ ጳጉሜን ፈልጉ። 5 ወይም 6 ቀን ያላት ወር እንደ ሙሉ ወር ከተሳለች «ንግዱ ሞተ» የሚያሰኝ ገደል ትፈጥራለች። ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ተደምራ መሳል አለባት፤ ካልሆነ ሁሉም በቀን አማካይ ይሳል።
5. ዋጋ ከሆነ ጾሙን አስቡ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል። በ2016 የጀመረው በመጋቢት መባቻ ነበር። ስለዚህ የሐረርን ወይም የድሬን የተምር ዋጋ «የዘንድሮ መጋቢት ካምና መጋቢት» ብሎ የሚያነጻጽር ግራፍ የጾም ቀኖችን ከጾም ካልሆኑ ቀኖች ጋር ሊያነጻጽር ይችላል። ሁዳዴም ከፋሲካ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ዘመኑ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ካልቻላችሁ፦ ግራፉ ውስጥ ቀኑ የማይረሳ ክስተት ፈልጉ። ብር በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የዶላር መስመር ድንገት የሚዘልበት ቦታ «2024» ከሚል ጽሑፍ በላይ ካለ ዘመኑ የፈረንጅ ነው።

ደረጃ 4፦ ባሩን በማስመሪያ ለኩ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ።

የትምህርት ሚኒስቴር ካሳወቀው እንነሳ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ነበሩ። አሁን አንድ ሰው ይህን በባር ሣለው እንበል። ቋሚውን መስመር ግን ከ0 ሳይሆን ከ3 ጀመረው።

1. የ2015ን ባር ቁመት ለኩ። 0.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ።
2. የ2016ን ለኩ። 4.8 ሴንቲ ሜትር ሆነ።
3. ትልቁን ለትንሹ አካፍሉ፦ 4.8 ÷ 0.4 = 12።
4. ቁጥሮቹንም አካፍሉ፦ 5.4 ÷ 3.2 = 1.7 ገደማ።

ዓይናችሁ 12 እጥፍ አየ። እውነቱ 1.7 እጥፍ ነው። ሁለቱ መልሶች እኩል መሆን ነበረባቸው። እኩል ካልሆኑ ባሩ ከዜሮ አልተነሳም ወይም መሐሉ ተቆርጧል። ይህን ለማሳየት ክርክር አያስፈልግም፤ ማስመሪያው ይበቃል።

ይህ ሕግ ለባር ነው። በመስመር ግራፍ ላይ አትጫኑት። የታመመ ልጅ ትኩሳት በመስመር ሲሳል ከ36 እስከ 40 ዲግሪ ቢሆን ልክ ነው። ከዜሮ ቢጀመር 37ና 40 አንድ ይመስላሉ፤ አደጋውም ይደበቃል። «ከዜሮ አልጀመረም!» እያሉ ሁሉንም መስመር የሚከሱ ሰዎች ትችቱን ያበላሹታል።

የተገላቢጦሹም አለ። ያንኑ የፈተና ውጤት ከ0 እስከ 100 የሳለ ሰው ባሮቹን ከወለል ጋር ያጣብቃቸዋል። ከዜሮ ተነስቷል፤ ግን ለውጡን ደብቋል። ለዚህ ቁጥር ከ0 እስከ 6 ይበቃል።

በግራም በቀኝም ቁጥር ያላቸው ሁለት ቋሚ መስመሮች ካሉ ተጠንቀቁ። ለምሳሌ በግራ የዶላር ምንዛሪ፣ በቀኝ የሽንኩርት ዋጋ። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ቦታ ምንም ትርጉም የለውም። ሠሪው የቀኙን ቁጥር ቢቀይር መገናኛው ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ግራፍ ሲገጥማችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ሳሉት።

ለመለካት ካልተቻለ፦ ባሮቹ እንደ ሳጥን ወይም እንደ ሕንፃ ወርድና ጥልቀት ኖሯቸው የተሳሉ ከሆነ ማስመሪያ አያገለግልም። ቁጥሮቹን ብቻ ገልብጡ፤ ደረጃ 8 ላይ ራሳችሁ ትስሏቸዋላችሁ።

ደረጃ 5፦ «ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ

ከላይ ወዳለው የፈተና ውጤት እንመለስ። በ2015 ያለፉት 27,267 ነበሩ። በ2016 ከ36 ሺህ በላይ ሆኑ። በሰው ቁጥር ጭማሪው ሲሶ ያህል ነው። በመቶኛ ግን ከ3.2 ወደ 5.4 ሲሄድ 69 በመቶ ገደማ አደገ። ለምን ተለያዩ? የተፈታኙ ቁጥር ስለቀነሰ ነው። በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተፈትነው ነበር፤ በ2016 ከ700 ሺህ በታች። ስለዚህ አንዱ ግራፍ «ሲሶ ጨመረ»፣ ሌላው «በ69 በመቶ አደገ»፣ ሦስተኛው «100 ተማሪ ውስጥ 2 ሰው ብቻ ተጨመረ» ሊል ይችላል። ሦስቱም አልዋሹም። የእናንተ ሥራ የትኛው እንደተመረጠና ምን እንደተተወ መናገር ነው።

የሕዝብ ቁጥር ላይ ደግሞ ለእኛ ለምሥራቆቹ የተለየ ጥንቃቄ አለ። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ሐረሪ 183,415፣ ድሬዳዋ 341,834፣ ኦሮሚያ 26,993,933 ሰው ነበራቸው። አንድ በሽታ በሐረሪም በኦሮሚያም 1,000 ሰው ያዘ ብለን እናስብ። ባሮቹ እኩል ይቆማሉ። ለ100 ሺህ ሰው ስታሰሉት ግን በሐረሪ 545፣ በኦሮሚያ 4 ያህል ይሆናል። በሐረሪ ከ183 ሰው አንዱን ያህል ይዟል፤ ግራፉ ግን «እኩል ነን» ይላል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቁጥሩን ለሕዝቡ አካፍሉ፣ በ100,000 አባዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ1999 በኋላ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። ለዛሬ ስሌት የስታትስቲክስ አገልግሎትን የሕዝብ ትንበያ ተጠቀሙ፤ «ትንበያ ነው» ብላችሁም ጻፉ።

«ከዕቅዱ» የሚል ቃል ሲገጥማችሁ ዕቅዱን ራሱን ፈልጉ። አንድ ወረዳ አምና 20 ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን አቅዶ 15 ሠራ እንበል፤ 75 በመቶ። ዘንድሮ 10 አቅዶ 9.8 ሠራ፤ 98 በመቶ። ግራፉ ላይ ባሩ አድጓል። መንገዱ ግን አጥሯል። የአፈጻጸም ግራፍ ስትተቹ ሁልጊዜ ኪሎ ሜትሩን፣ ኩንታሉን ወይም ብሩን ጠይቁ።

በቴሌግራም ፖል የተሠራ ክብ ግራፍ ከሆነ ብዙ አትድከሙ። የመለሱት የግሩፑ አባላት ናቸው እንጂ የከተማው ሕዝብ አይደለም።

የበሽታ ቁጥር ሲሆን ደግሞ የተመረመረው ስንት እንደሆነ ፈልጉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተነገረ በኋላ በየቀኑ የሚወጣው መግለጫ የተመረመሩትን ቁጥርም ይይዝ ነበር። ወደ እኛ የሚደርሱት ግራፎች ግን የተገኘባቸውን ብቻ ይስሉ ነበር። ብዙ ከተመረመረ ብዙ ይገኛል። የመጨረሻው ሳምንትም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ሪፖርቱ ገና ስላልደረሰ ነው። «ወረርሽኙ ቆመ» ለማለት በዚያ ነጥብ አትመኑ።

በሌላ በኩል አስደንጋጭ ግራፍ ሁሉ የተጋነነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያ 5 ወራት ድሬዳዋ ላይ የወባ ታማሚ በ2019 ተመሳሳይ ወራት ከነበረው ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። በደረቅ ወራት ወባ እንዲህ ሲዘል ያየ ሰው «ሠሪው ተሳስቷል» ሊል ይችላል። ግን እውነት ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው አዲስ ትንኝ በርሜልና ማጠራቀሚያ ውስጥ ባለ ውኃ ትራባለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። ስለዚህ ቁጥሩ ከልምዳችሁ ጋር ሲጋጭ «ውሸት» ከማለታችሁ በፊት ምን ተለውጦ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ መቶኛውን ፍቱ

1. ከ3.2 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ ሲሄድ ልዩነቱ 2.2 የመቶኛ ነጥብ ነው። ዕድገቱ ደግሞ 69 በመቶ ገደማ ነው። ግራፉ የትኛውን እንደጻፈ ለዩ።
2. አቅጣጫውን ለዩ። ብር በተለቀቀበት ቀን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ወጣ። ዶላር በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ብር ግን ያጣው ከሩብ ትንሽ ያነሰ ነው። «ብር 30 በመቶ ወደቀ» የሚል ግራፍ የዶላሩን ጭማሪ ለብሩ ሰጥቶታል።
3. ግሽበት ከሆነ ዋጋውን መልሳችሁ አስሉ።

ሦስተኛው ብዙ ጠብ አስነስቷል። የግሽበት መስመር ሲወርድ ያየ ሰው ድሬ ቀፊራ ገበያ ወርዶ «ቀነሰ ተብሎ የለ እንዴ?» እያለ ከነጋዴዋ ጋር ይጨቃጨቃል። እሷ ምን ታድርግ! አንድ ዕቃ 100 ብር ነበር እንበል። ግሽበቱ 30 በመቶ ሲሆን 130 ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ዋጋው 156 ሆነ። መስመሩ ወረደ፣ ዋጋው ወጣ። የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው። ዋጋው ካምናው የሚቀንሰው መስመሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ካርታ ከሆነ

የአገሪቱ ካርታ በቀለም ተቀብቶ ሲመጣ ሐረሪን ፈልጉ። ስፋቷ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ስለሆነ ነጥብ ናት፤ ቀለሟም አይታይም። ሶማሌ ክልል ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ዓይንን ሁሉ ይወስዳል። ካርታው መሬት ያሳያል እንጂ ሰው አያሳይም። ቁጥሮቹን አውጡና በባር ደርድሯቸው። ካርታው ቀለም ብቻ እንጂ ቁጥር ከሌለው «ቁጥሩን ስጡኝ» ማለት ራሱ ሙሉ ትችት ነው።

ደረጃ 8፦ መልሳችሁ ሳሉት

1. ስኩዌር ደብተር ላይ ከ0 ጀምራችሁ ቋሚ መስመር አስምሩ። ለፈተናው ምሳሌ ለ1 በመቶ 1 ሴንቲ ሜትር ያዙ።
2. ባሮቹን 3.3፣ 3.2 እና 5.4 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሳሉ።
3. ከሥር የተፈታኞቹንና ያለፉትን ቁጥር ጻፉ።
4. ዘመኑን «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።
5. የራሳችሁን ግራፍ ከመጣው ጎን አስቀምጡና ሁለቱን አንድ ላይ ፎቶ አንሱ።

የእናንተም ከመጣው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፦ ግራፉ ደህና ነው። ይህንንም ተናገሩ። ደስ ባይላችሁም።

የእናንተ ፈጽሞ ከተለየ፦ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። ሺህና ሚሊዮን ተምታቶባችሁ ይሆናል፤ ወይም አንድ ዓመት ዘላችኋል። ለሌላ ሰው ቁጥሮቹን ብቻ ስጡትና እሱም ይሳል።

ደረጃ 9፦ ትችቱን ጻፉ

ከ4 ዓረፍተ ነገር አታስረዝሙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ግራፉ ምን እንደሚያስመስል፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ቢደረግ እንደሚስተካከል። ለምሳሌ፦

«ይህ ግራፍ የ2016ን ውጤት ከ2015 12 እጥፍ ያስመስለዋል። ቁጥሩ ግን ከ3.2 ወደ 5.4 በመቶ፣ ማለትም 1.7 እጥፍ ነው። ልዩነቱ የመጣው ቋሚው መስመር ከ3 ስለጀመረ ነው። ከ0 ቢጀምርና የተፈታኞቹ ቁጥር ከሥር ቢጻፍ ይስተካከላል።»

ስለ ሠሪው ሐሳብ አትጻፉ። «ሆን ብሎ» አትበሉ፤ ልቡን ስላላያችሁ። ስለ ብሔሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ፓርቲው ምንም አታንሱ። አንዴ ከተነሳ ስለ ቁጥሩ የሚያወራ አይኖርም።

ግራፉ ስለ ሞቱ ወይም ስለተፈናቀሉ ሰዎች ከሆነ ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ባሉበት ግሩፕ ትችት አትለጥፉ። ለሠሪው በግል ላኩለት።

ሠሪው ከተቆጣ፦ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን የያዘውን ፎቶ ብቻ ላኩ። ከዚያ በላይ አትከራከሩ።

ሠሪው ካስተካከለ፦ አመስግኑት። የድሮውን እናንተም አስተላልፋችሁት ከነበረ አጥፉትና የተስተካከለውን በዚያው ግሩፕ፣ «ይህኛው የታረመው ነው» ብላችሁ ላኩ።